የላውንደሪው ዘበኛ

«ሠላሳ አንድ ዓመት ቆማ ልብስ ተኩሳ፣ በመጨረሻ አንድ ቅጠል አሸክመው ሸኟት። እሱም ይኸው እየሞተባት ነው። ዛሬ ማታ ስመለስ አውጥቼ እጥለዋለሁ፤ እሷ እንደሆነች አንጀቷ አይችልም።»

ይህን ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከመስኮታችን ሥር ታክሲውን እየወለወለ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል ወሽቆ። ከማን ጋር እንደሚያወራ አልታየኝም። የአክስታችን ልጅ ይሆናል፣ እነሱ ሁለቱ ጠዋት ጠዋት የማያነሱት ሰው የለም። ወንድሜ ሹክ አልኩ ብሎ የሚያወራው እንኳ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው ምድር ቤት ነው። የእረፍት ቀኔ ስለነበር ገና ከአልጋዬ አልተነሳሁም። እናቴ ግን ወንበር ላይ ቆማ፣ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ በገመድ የተንጠለጠለውን ተክል አፈሩን በጣቷ እየነካካች ነበር። መስማቷን ያወቅሁት ጣቷ ስለቆመ ነው። ከወንበሩ ወረደች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወደኔ ሳታይ «ሻይ ላፍላ?» አለች። «አፍዪ» አልኳት። በእኛ ቤት ከባድ ነገር የተነገረ ዕለት ሻይ ይፈላል እንጂ መልስ አይሰጥም።

ወንድሜ «ቅጠል» ያለው እንዲሁ ቅጠል አይደለም። ዝንብ የሚበላ ተክል ነው። ከየቅጠሉ ጫፍ ቀጭን ጅማት ይወርድና መጨረሻው ላይ ክዳን ያለው፣ እስከ ግማሹ ውሃ የያዘ ከረጢት ይንጠለጠላል። ዝንቧ ጠርዙ ላይ ያለውን ጣፋጭ ልላስ ብላ ትመጣለች፣ ያዳልጣታል፣ ገባች ማለት ቀረች ማለት ነው። እናቴ ትሠራበት በነበረው ላውንደሪ ከረጢቶቹን «ኪስ» ነበር የሚሏቸው፤ ከነጋ እስኪመሽ የሰው ኪስ ሲፈትሹ የሚውሉ ሰዎች ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል። ተክሉን ራሱን ደግሞ «ዘበኛው» አሉት፣ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ላይ ዝንብ እንዳታርፍ ይጠብቃል ብለው። እኔ ያደግሁት ከዘበኛው ሥር ነው። ሕፃን እያለሁ የሚይዝላት ሰው ስላልነበራት፣ እናቴ በልብስ ቅርጫት አድርጋ ከመተኮሻ ጠረጴዛዋ አጠገብ ታስተኛኝ ነበር። ከዚህ ዓለም መጀመሪያ የማስታውሰው ነገር ከላዬ የሚወዛወዙ ቀይ ዥንጉርጉር ኪሶችና የእንፋሎት ድምፅ ነው። መቁጠርም የተማርኩት በነሱ ነው። አሥራ አንድ ነበሩ፤ በደህናው ጊዜ አሥራ ሦስት።

ላውንደሪው ከአምስት ወር በፊት ተዘጋ። ባለቤቱ ለሠራተኞቹ የምሰጠው የለኝም አለ፤ «ግን ከቤቱ ዕቃ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ነገር መርጣችሁ ውሰዱ» አላቸው። የመጀመሪያው ምርጫ የእናቴ ነበር፣ በሥራ ዘመን ሁሉንም ትበልጣለች። ትልቁ የእንፋሎት ካውያ የሷ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም፤ ወንድሜም ሊጭንላት ታክሲውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቅ ነበር። እሷ ወንበር ላይ ወጣችና ዘበኛውን ከመንጠቆው አወረደች። ካውያውን ሁለተኛዋ ተኳሽ ወሰደችው፣ ሳምንት ሳይሞላት ሸጠችና ፍሪጅ ገዛችበት። እናቴ ተክሏን ታቅፋ ስትወጣ የወንድሜ ፊት ምን እንደመሰለ እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። እሷም «ለምን?» ስትባል «ደስ አለኝ» ከማለት በቀር ሌላ አልመለሰችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ካውያ ነክታ አታውቅም። «እጄ ይረፍበት» አለች። ዕድሜውን ሙሉ እንደ ሙሽራ ተተኩሶለት ይወጣ የነበረው ወንድሜ አሁን የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሶ ሰው ይጭናል፤ እኔ የተኮስኩለት ቀንማ ሳልተኩስለት ይሻለው ነበር።

እንግዲህ ዘበኛው ቢሞት ወንድሜ ልክ ሆነ ማለት ነው። እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆማ በባዶ እጇ ገባች ማለት ነው። ይህን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም፣ ግን ሦስታችንም እናውቀዋለን። ሻዬን እየጠጣሁ ሰዓቱን አየሁ። ወንድሜ ሲመሽ ነው የሚገባው። አንድ ሙሉ ቀን አለኝ አልኩ ለራሴ።

እኔ ቀለም ቤት ውስጥ ቀለም ቀማሚ ነኝ። ሰው ከግድግዳው የተላጠ ቁራጭ ይዞ ይመጣና «ይህንኑ አድርጊልኝ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ከቢጫው ይህን ያህል፣ ከጥቁሩ ሁለት ጠብታ ብዬ አገኘዋለሁ። ስለ አበባ የማውቀው የለም፣ ቀለም ሲበላሽ ግን አውቃለሁ። ወንበሩ ላይ ወጥቼ ዘበኛውን እንደ ግድግዳ መረመርኩት። የታችኞቹ ቅጠሎች ከዳር ወደ መሀል ቢጫ ሆነዋል፣ ፀሐይ እንደመታው የቆየ ጋዜጣ። የመሀከለኞቹ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ፣ የአንዳንዱ ነጠብጣብ ዙሪያ አመድ መስሏል። ኪሶቹ ከአፋቸው ጀምረው እየደረቁ ነው፤ ደህና የሚባሉት አራት ብቻ ናቸው። ከሁሉም የገረመኝ ግን አረንጓዴው ራሱ ነው። ልጅ ሆኜ የማውቀው አረንጓዴ አልነበረም። የላዩ ፈዟል።

«ምን ውሃ ነው የምታጠጪው?» አልኳት።

«ውሃ ነዋ። የቧንቧ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አጠጣዋለሁ» ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። እናቴ ስትዋሽ ጀርባዋን ነው የምትሰጠው። ያን ጊዜ ግን አላስተዋልኩም፣ እንዳዘነች ብቻ ነው የቆጠርኩት። «አርጅቶ ነው ልጄ» አለች ከዚያው ሆና። «እኔስ ብሆን መች ቀለሜ እንደ ድሮው ነው። ተይው።» እኔም ወለሉ ላይ የወደቀውን አንድ ቅጠል አንስቼ በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ አበባ የሚሸጠው ሰውዬ ጋ ነው። ችግኞቹን በቆርቆሮና በተቆረጠ ጀሪካን ደርድሮ፣ እሱ ራሱ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ቅጠሉን ተቀብሎ አገላበጠው፣ አሸተተው፣ እንደ ሐኪም ተነፈሰ። «ርቦታል» አለ።

«ይኼ እኮ አድኖ የሚበላ ተክል ነው።»

«እኮ፤ ቤታችሁ ንጹሕ ሆኖበት ነዋ። ዝንብ ከየት ያምጣ?» አለና አንድ ከረጢት ማዳበሪያ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የስድስት ዳቦ ዋጋ ጠየቀኝ፣ በአራት ተስማማን። ቤታችን ንጹሕ መባሉ ደስ ብሎኝ እንጂ ሦስት ብለውም እሺ ይለኝ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫ አገኘሁና ማዳበሪያውን ታቅፌ ስልኬ ላይ ማንበብ ያዝኩ። ሥጋ በል ተክሎች የሚበቅሉት አፈሩ ምንም በማይሰጥበት ቦታ ነው ይላል፤ ለዚህ ነው ማደን የተማሩት። ሥሮቻቸው ድሃ አፈር ስለለመዱ ማዳበሪያ ያቃጥላቸዋል። የቧንቧ ውሃም ውስጡ ያለው ጨው ቀስ በቀስ ሥር ላይ ይጠራቀምና ቅጠላቸው ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። የሚስማማቸው የዝናብ ውሃ ወይም ተንኖ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ኪስ ሲያረጅ መድረቁ ደግሞ ወጉ ነው፣ በሽታ አይደለም። ስለ ነጠብጣቡና ስለ መፍዘዙ ግን አንዱ ፀሐይ ይላል፣ አንዱ ሻጋታ፣ አንዱ ተባይ፤ እንደ ለቅሶ ቤት ወሬ ሁሉም የየራሱን ያወራል። ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ማዳበሪያውን አይተው «እርሻ አለሽ እንዴ?» አሉኝ። «የለኝም» አልኩ። ራሴን ታዘብኩት።

ጋሽ ሳሙና የሚሠሩት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ላውንደሪው ውስጥ አጣቢ ነበሩ፤ ስማቸውን ከኔ ጀምሮ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ሳሙና ሲቆጥቡ ስለኖሩ ሳሙና ሆነው ቀሩ። ከላውንደሪው የመረጡት ትልቁን የማጠቢያ ገንዳ ነው፣ አሁን የልጅ ልጆቻቸው ይታጠቡበታል። ከቆርቆሮ ጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው ሲያዩኝ ተነሥተው ሳሙኝ፣ ግንባሬን ይዘው አገላብጠው አዩኝ። እጃቸው ላውንደሪው ከተዘጋ በኋላም ያው የረጠበ እጅ ነው።

«አሁን ዘበኛው እኔ ነኝ» አሉ እየሳቁ። «ዋናውስ እንዴት ነው?»

ቅጠሉን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሳቃቸው ጠፋ።

«ድሮ ውሃውን ማን ነበር የሚያጠጣው፣ ጋሼ?»

«ማንም።» ትንሽ አሰቡ። «ማንም እኮ አጠጥቶት አያውቅም። ጣሪያው ሥር ያለው የእንፋሎት ቧንቧ ክርኑ ላይ ያነባ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ያቺ ጠብታ ነች። በሄደች በመጣች አንድ፣ በሄደች በመጣች አንድ። ባለቤቱ ሊያስጠግነው ሠራተኛ ቢያመጣ እናትሽ ካውያዋን አስቀምጣ በር ላይ ቆመች። ‹ይህቺን ጠብታ የሚደፍን ሰው እኔን ያሰናብተኝና ነው› አለች። እሷ እንዲህ ስትናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋት። ሰውዬውም ተወው።»

አንድ መኪና ገባ፣ ተነሥተው አስቁመው ወረቀት ሰጥተው ተመለሱ። ሲቀመጡ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«አባትሽ ጥሏችሁ የሄደ ሰሞን አንቺ ቅርጫት ውስጥ ነሽ፣ ወንድምሽ ተማሪ ቤት። እናትሽ ሁለት ወር ሙሉ ከሰው ጋር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሸሚዝ ታነጥፋለች፣ ትተኩሳለች፣ ትሰቅላለች። ሸሚዙን ልትሰቅል ቀና ስትል ግን እሱን ታየውና በከንፈሯ የሆነ ነገር ትለዋለች። በቀን መቶ ሸሚዝ ብትተኩስ መቶ ጊዜ። እኛ እንዳልሰማን ሆነን ሳሙናችንን እንፈትጋለን።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ካውያውን ለምን አልመረጠችም ብለው ሲስቁባት የነበሩ አሉ። እኔ አልሳቅሁም።»

ሆድ ባሰኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ከዚያች ሴት ጋር አንድ ማዕድ ቀርቤ፣ ይህን የሰማሁት ከልብስ አጣቢ ነው። ጋሽ ሳሙና ቅጠሉን በአውራ ጣታቸው እያሹ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። «ቢጫውስ እሺ፣ ከቧንቧው ውሃ ነው ብለሻል። ይኼ ነጠብጣብ ግን በእኛ ጊዜ አልነበረም። ደግሞ የወደቀ ቅጠል እንዲህ ግትር ይላል እንዴ?» አሉ። ቅጠሉን ተቀብዬ መልሼ በሶፍት ጠቀለልኩት። ማዳበሪያውን ከጎጆው ኋላ ለተከሏት ቃሪያ ትቼላቸው ተሰናበትኩ።

ወደ ቤት በሚወስደው አውቶቡስ መሳፈር ስችል በላውንደሪው በኩል ዞርኩ። አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር መሸጫ ሆኗል። የመተኮሻው ጠረጴዛ የነበረበት ቦታ የመስታወት ሣጥን ቆሟል፣ ውስጡ ባለ አበባ፣ ባለ ድመት ሽፋን ተደርድሯል። ሻጭዋ «ምን ልርዳሽ?» አለችኝ፣ እኔ ወደ ጣሪያው አንጋጥጬ ነበር። መንጠቆው አለ። የቧንቧው ጉቶም ግድግዳው ውስጥ አለ። ሁለቱንም ከጣሪያው ጋር ነጭ ቀብተዋቸዋል፤ ነጩ ውስጥ ትንሽ ግራጫ ጣል ተደርጎበታል። ያንን ነጭ አወቅሁት። ባለፈው ወር አንድ ሰውዬ አራት ባልዲ ሲያዘኝ የቀመምኩት እኔ ነኝ፤ ለየት ያለ ቤት ነው፣ በደንብ ይሸፍንልኝ ብሎኝ ነበር። በደንብ ሸፍኖለታል። ምንም ሳልገዛ ወጣሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ወጥ ቤት ነበረች። ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ወስጄ ብርሃን ላይ አጋደልኩት። ጋሽ ሳሙና እውነታቸውን ነው፣ ግትር ብሏል። በጥፍሬ ጫር አደረግሁት፣ አንድ ስስ ነገር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። የተነሣበት ቦታ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ብሩህ ነው። እኔ ይህን በየቀኑ ነው የማየው፤ ቀለም ታመመ ብለው ያመጡልኛል፣ የታመመው ግን ላዩ ላይ የተቀባው ነው። ምራቄን ጣቴ ላይ አድርጌ አሸሁት። ወተት መሰለ፣ ተጣበቀ። አሸተትኩት። ወዲያው የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የተማሪ ቤት ኮሌታዬ አንገቴን እየከረከረኝ፣ እናቴ «ዝም በይ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂበት» እያለችኝ። አሚዶ ነው። ኮሌታ ቀጥ እንዲል የሚረጩት አሚዶ።

ፍለጋዬ ሩቅ አልሄደም። ከቁም ሣጥኑ ኋላ፣ በድሮ ሻሽ የተጠቀለለ የላውንደሪው መርጫ ጠርሙስ አገኘሁ፤ እስከ ግማሹ ነጭ ውሃ አለበት። አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ በተባለበት ቀን ሁለተኛ ነገር ቀሚሷ ውስጥ ሸጉጣ ወጥታ ነበር ማለት ነው፣ እሷ የሰው መርፌ እንኳ አንስታ የማታውቀው። ይዤው ወጥ ቤት በር ላይ ቆምኩ። አየችው። እጇ ውስጥ ያለውን ድስት ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ጫፉ ለሰሰብኝ» አለች። «እዚህ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሉ ልፍስፍስ አለብኝ። ኮሌታ ሲለሰልስ ምን ይደረጋል?»

«አሚዶ።»

«እንግዲህ።»

«እማዬ፣ ተክል እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ተክል መሆኑን። ግን እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ?» ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደች። «የረጨሁት ዕለት ቀጥ አለ። አበራ። ቤቱም ሸተተ፣ እንደ ሥራ ቤቴ ሸተተ። ደስ አለኝ።»

«አንድ ቀን ነው የረጨሽው?»

«ማክሰኞና ዓርብ» አለች። ላውንደሪው ውስጥ አሚዶ የሚገባው ማክሰኞና ዓርብ ነበር። ለአምስት ወር ማክሰኞና ዓርብ፣ እኔ ሥራ ወንድሜ ሥራ ስንሄድ፣ ወንበር ላይ ወጥታ እያንዳንዱን ቅጠል እንደ ኮሌታ ረጭታዋለች። ከዚያ የጠየቀችኝን እስክሞት አልረሳውም። «ገደልኩት?» አለች፣ እንደ ሕፃን። «ወንድምሽ ልክ ነው?»

አለቀስኩ። ምን ልደብቅ፣ እዚያው በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ እሷም አብራኝ። ከዚያ አፍንጫዬን ጠረግሁና ባለሙያ ሆንኩ። «አልገደልሽውም» አልኳት። «ለበጥሽው። ቅጠሉ በላዩ ነው የሚተነፍሰው፣ አንቺ አፈንሽው። የተለበጠ ነገር ይታጠባል።»

ከሰዓት በኋላው ሁሉ በዚህ አለቀ። ትልቁን ድስት ውሃ ሞልቼ ጣድኩ፣ መሀሉ ላይ በሸክላ ጡብ ስብርባሪ ከፍ አድርጌ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጥኩ፣ ክዳኑን ገልብጬ ከደንኩና ላዩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩበት። እንፋሎቱ ክዳኑ ሥር እየቀዘቀዘ ወደ መሀል ይሰበሰብና ጠብ ይላል። እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችው። «ይህችው ነች» አለች፣ «ጠብታዋ።» ድምፁን ከእኔ ቀድማ ማወቋ አልገረመኝም። ሳህኑ ሲሞላ ዘበኛውን አውርደን ጠረጴዛው ላይ አደረግነው። እሷ ሐር እንደምታጥብ አድርጋ በለስላሳ ጨርቅ ቅጠሉን በአንድ እጇ ደግፋ ትጠርገዋለች፣ እኔ ጨርቁን እየነከርኩ አቀብላታለሁ። ከየቅጠሉ ነጭ ውሃ ወረደ፣ ከሥሩም አረንጓዴው ብቅ አለ። አንዳንዱ ነጠብጣብ አብሮ ታጠበ፤ አንዳንዱ ቅጠሉን ራሱን በልቶት ስለነበር ቀረ። ቀጥሎ ጨዉን ይዞ እንዲወጣ የቀረውን ንጹሕ ውሃ አፈሩ ላይ ቀስ እያልን አፈሰስን፣ ከሥር የወጣው ዝገት መስሎ ወጣ። ጨርሶ ቢጫ የሆኑትን ስድስቱን ቅጠሎች መቁረጥ ነበረብን። መቀሱን ልይዝ ስል «እኔ» አለች። በክር መቀሷ አንድ በአንድ ቆረጠቻቸው፣ ሲቆረጡ ዓይኗን አልጨፈነችም። ሲጸዳ ነው እንግዲህ ከግንዱ ሥር ያየነው፦ ከክብሪት ራስ የማትበልጥ አዲስ ቡቃያ፣ አሚዶው ያልደረሰባት። ሁለታችንም አጎንብሰን አየናት።

«አሁን የቀረው አየሩ ነው» አልኳት። «የደረቀ አየር ነው ቅጠሉን መጀመሪያ ያለሰለሰው። እንፋሎት ለምዷል። ሠላሳ ዓመት በእንፋሎት የኖረ ነው።» ይህን ብዬ ቁም ሣጥኑ ላይ አቧራ የጠጣውን ካውያችንን አየሁ፣ እሷም አየችው። ሻይ አፈላች።

ወንድሜ የገባው ብርሃኑ ሲደክም ነው፣ በእጁ ባዶ ጆንያ ይዞ። እንደሚጥለው ቆርጦ መጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ሰባት ቅጠልና አራት ኪስ ብቻ የቀረውን ዘበኛ ሲያይ ቆመ። «ላጫችሁት እንዴ?» አለ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ «እማ፣ ተይው በቃ። ሌላ የሚያምር እገዛልሻለሁ፣ ከፈለግሽ ሁለት» አለና እጁን ሰደደ።

«ሸሚዝህን አውልቅ» አለችው።

«ምን?»

«አውልቅ አልኩህ። ይህን ለብሰህ ነው ሰው የምትጭነው?»

ወንድሜ ወደኔ አየ፣ ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ጆንያውን ጥሎ ቁልፉን ፈታ። ዕድሜው አርባ ሊሞላ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው በካናቴራ ሆኖ፣ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ፣ ልክ ተማሪ ቤት እንደሚረፍድበት ልጅ። እናቴ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ሳበች፣ ብርድ ልብሷን አጥፋ አነጠፈች፣ ካውያውን ሰካች። ሸሚዙን ዘረጋችው፣ እርጥብ ጨርቅ አለበሰችው። ኮሌታውን መጀመሪያ፣ ከጫፍ ወደ መሀል፤ ያንን ቅደም ተከተል ተኝቼ እንኳ አውቀዋለሁ። ካውያው ሲያርፍ ፉሽ አለ፣ እንፋሎቱ ተነሣ። እኔ ዘበኛውን አንስቼ ከጠረጴዛው በላይ፣ እንፋሎቱ በማያቃጥለው ከፍታ ያዝኩት። ሁለተኛው እጅጌ ላይ ስትደርስ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ጠዋት ሰምቼሃለሁ» አለች፣ ከሸሚዙ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ።

የወንድሜ አንገት ቀላ።

«ማንም ቅጠል አላሸከመኝም። ምረጪ አሉኝ፣ መረጥኩ። ካውያውን ብወስድ ኖሮ እስክሞት ሥራዬን ነበር የምታቀፈው። ይኼ ግን ቀና ስል ያለ ነው።» ካውያውን አነሣች፣ አስቀመጠች። «እናንተን ያሳደግሁት እሱን እያየሁ ነው።»

ወንድሜ ወደኔ መጣ። «አምጪ፣ ደክሞሻል» አለ፣ ዘበኛውንም ከእጄ ወሰደ። እሱ ከኔ ይረዝማል፤ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ከጠረጴዛው በላይ ያዘው፣ እንፋሎቱ ክንዱን እያረጠበው። እናቴ ጀርባውን ተኩሳ ጨረሰች፣ ሸሚዙን ልትሰቅል ቀና አለች፣ አየችው።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለችው።

ፈቀቅ አለ።

«እዚያ። እንዲያ ነበር የምንተያየው።»

ሸሚዙ ተሰቅሎ ቀዝቅዞ እስኪያልቅ ድረስ፣ እሷም የኔን ቀሚስና የራሷን ነጠላ ጫፍ ሳይቀር አምጥታ እስክትተኩስ ድረስ፣ ወንድሜ እጁን አላወረደም።